ደንገሉን ተከትሎ

ቅዳሜ ማለዳ ከዘጌ በኩል እንጨት ጭነው ወደ ገበያ የሚመጡትን ታንኳዎች ባሕር ዳር ከርሞ ያላየ ሰው የለም። ቀዛፊው ከጭነቱ ኋላ ተቀምጦ ዘንጉን አንዴ በቀኝ፣ አንዴ በግራ ይነክራል፤ ዳር ላይ የቆመው መንገደኛ ስልኩን አውጥቶ ያነሣዋል። ታንኳ ከደንገል እንደሚሠራ ሕፃን ልጅም ይነግርሃል። እኔን ይከነክነኝ የነበረው ሌላ ነው፦ ደንገሉ ራሱ የት ነው ያለው? በኮሪደር ልማቱ በሰፋው የሐይቅ ዳር መንገድ፣ የእግረኛውና የብስክሌቱ መስመር በተዘረጋበት፣ ሙሽሮች ፎቶ በሚነሡበት ዳርቻ እዚህም እዚያም ከተረፈ ጥቂት በቀር ደንገል አይታይም። ታንኳው ግን በየሳምንቱ ይመጣል።

ታንኳ ደግሞ ዕድሜ የለውም። ውሃ እየጠጣ ይከብዳል፣ ይበሰብሳል፤ ከጥቂት ወራት በኋላ ሌላ መታሰር አለበት። ስለዚህ ሐይቁ ላይ ታንኳ እስካለ ድረስ ከከተማው ብዙ ሳይርቅ የቆመ ደንገል አለ ማለት ነው። ደንገል ባለበት ሰው አይበዛም። ሥሩ ውሃ ውስጥ ነው፣ መሬቱ እግር ይውጣል፣ ቁመቱ ሰው ይሰውራል። ባሕር ዳር ውስጥ የሞተር፣ የድምፅ ማጉያና የባጃጅ ጥሩምባ የማይደርስበት ጥግ ከተረፈ እዚያው አጠገብ ይሆናል ብዬ ገመትሁና ፍለጋውን ጀመርሁ።

የጣና ደንገል ከዚህ ቀደም ሩቅ አገር ተጉዟል። ኖርዌያዊው ቶር ሄየርዳል እ.ኤ.አ. በ1969 በደንገል መርከብ አትላንቲክን መሻገር እንደሚቻል ለማሳየት ሲነሣ፣ ፈርዖኖች በየመቃብራቸው ግድግዳ ያሳሉትን ተክል ግብፅ ውስጥ ለመርከብ የሚበቃ ያህል አላገኘም፤ ከጣና አስጭኖ ወሰደ። ከቻድ ሐይቅ የመጡ ታንኳ ሠሪዎች በፒራሚዶቹ ሥር አሰሩለትና “ራ” ብሎ ሰየማት። ራ ባርቤዶስ ሳትደርስ ተፈታታች። በዓመቱ የተነሣችው “ራ ሁለት” ግን፣ እሷም የኢትዮጵያ ደንገል ነበረች፣ ከሞሮኮዋ ሳፊ ተነሥታ በ57 ቀን ባርቤዶስ ገባች። ይህን ታሪክ ጀልባ ማቆሚያው ላይ ላገኘሁት ወጣት ጀልበኛ ብነግረው አንገቱን ነቀነቀ። “ጋሼ፣ ደንገል ለማየት ነው ገንዘብ የምታወጣው? ጉማሬ ላሳይህ፣ ደንገሉን በዚያው ታየዋለህ” አለኝ። ሌላ መንገደኛ እስኪመጣና ጀልባው እስኪሞላ መጠበቅ ነበረብኝ።

በመጠበቁ መካከል ቅዱስ ጊዮርጊስ ገባሁ። ቤተ ክርስቲያኑ ያለው የከተማው እምብርት ላይ ነው፤ ከአጥሩ ውጭ የዘንባባው ጎዳና፣ ካፌው፣ የታክሲው ጥሪ ሁሉ አለ። ወደ ውስጥ ገብተህ በቤተ መቅደሱ ኋላ ስትዞር ግን ድምፁ በአንድ ጊዜ ይርቃል። ትልልቅ ዛፎች ሥር ነጠላቸውን የተከናነቡ ጥቂት ሰዎች ዳዊት ይደግማሉ። በግቢው ውስጥ አንድ አሮጌ የድንጋይ ሕንፃ አለ። የአገሩ ሰው ፔድሮ ፓኤዝ ያሠራው ነው ይላል፤ በአፄ ሱስንዮስ ዘመን የነበረው፣ እ.ኤ.አ. በ1618 ግሽ ዓባይን አይቶ የጻፈው ስፔናዊ ኢየሱሳዊ ማለት ነው። ባሕር ዳር እንግዳ ሆነው ከሚመጡት ስንቱ በዚህ አጥር ሥር አልፎ ወደ ጀልባ እንደሚሮጥና ይህን ሕንፃ ሳያይ እንደሚመለስ ሳስብ ይገርመኛል። የምፈልገው ጥግ ከአስፋልቱ በጥቂት እርምጃ ላይ ነበር።

አንድ አረጋዊ ካህን በትራቸውን ተደግፈው ተቀምጠዋል። “ይፍቱኝ አባ” ብዬ መስቀል ተሳልሜ አጠገባቸው አረፍሁ። ስለ ደንገሉ ጠየቅኋቸው።

“ደንገል? እኔ ለትምህርት ስመጣ እኮ እዚህ ድረስ ነበር” አሉ በበትራቸው ወደ ሐይቁ እየጠቆሙ። “ሌሊት ጉማሬ ወጥቶ እስከዚህ አጥር ይግጣል። እኛ ተማሪዎች ለኩራዝ የምትሆን ጋዝ ልንለምን ስንወጣ እሱን ነበር የምንፈራ።”

እሳቸው ለትምህርት ሲመጡ ከተማው ገና መሠራቱ ነበር። ከዚያ በፊት ስሙ ባሕር ጊዮርጊስ ይባል የነበረ መንደር ነው፤ ከ1925 እስከ 1934 እ.ኤ.አ. ዳንግላ ላይ የእንግሊዝ ቆንስል የነበረው ቺዝማን ጣናን ዙሪያውን ዞሮ ገዳማቱን ሲጎበኝ እዚህ ቤተ ክርስቲያንና ጎጆ እንጂ ከተማ አልነበረም። የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው እ.ኤ.አ. በ1961፣ በሶቪየት ርዳታ የተሠራው ፖሊ ቴክኒክ በ1963 ተከፈተ። በዚያው ዐሥር ዓመት ጀርመናዊው የፕላን ባለሙያ ማክስ ጉተር የከተማውን መሪ ፕላን ነደፈ። ዛሬ ቀጥ ብለው ወደ ውሃው የሚወርዱት ሰፋፊ ጎዳናዎች የዚያ ዘመን ሐሳብ ናቸው። ደንገሉ ከከተማው ፊት የጠፋው ስለዚህ በአንድ ቀን አይደለም፤ ጎዳናው ሐይቁን ባገኘበት ሁሉ ጥቂት ጥቂት እያለ ተነቀለ። የቤተ ክርስቲያኑ ዛፍ ግን ቆሟል። ማን ይነካዋል?

ጀልባው ሞላ።

ወደ ምሥራቅ፣ ዓባይ ከሐይቁ ወደሚወጣበት አቀናን። ደብረ ማርያምን ስናልፍ ጀልበኛው ሞተሩን ቀነሰ፤ ትንሽ ቆይቶ ጨርሶ አጠፋው። ያኔ ነው ደንገሉን ያየሁት። ከግራም ከቀኝም ከውሃው ቀጥ ብሎ የወጣ አረንጓዴ ግድግዳ ነው፤ በአንዳንድ ቦታ ከሰው ቁመት እጥፍ ያልፋል፣ ራሱ ላይ ያለው ጭራ ነፋስ ባይኖርም ይንቀሳቀሳል። ሥሩ እርስ በርሱ ተጠላልፎ ምንጣፍ ይሠራል፤ ያ ምንጣፍ ደለል ይይዛል፣ ለዓሣው ጫጩት መሸሸጊያ ይሆናል። የጣና ትልልቅ ነጫጭ ዓሣዎች በዓለም ላይ ሌላ የትም የማይገኙ ከዐሥር በላይ ዝርያዎች ያሉበት አንድ ቤተሰብ ናቸው፤ ሐይቁ እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኔስኮ የባዮስፌር ክልል ሆኖ ሲመዘገብ ከተጠቀሱት ሀብቶች አንዱ እነሱ ናቸው። ጥቁርና ነጭ ላባ ያለው ዓሣ አዳኝ ወፍ ከአንድ ደንገል ጫፍ ላይ ተነሥቶ አየር ላይ ክንፉን እያርገበገበ ቆመና ወደ ውሃው ተወረወረ። ዓሣ በል ንስሩ ራቅ ብሎ ከዛፍ ላይ ጮኸ።

“አሁን ዝም በሉ” አለ ጀልበኛው። ጉማሬው ጆሮና አፍንጫውን ብቻ አውጥቶ አየንና ተነፈሰ። እንዲያው ለጨዋታ ያህል አይደለም ዝም ያሰኘን፤ ጣና ላይ ታንኳ ገልብጦ ሰው የገደለ ጉማሬ ብዙ ነው። ደንገል አጫጆቹ እዚህ የማይገቡት ለዚያ ነው አለኝ። ሲገቡም በቀን፣ ብዙ ሆነው፣ ዳር ዳሩን ነው።

ከዚያ ትንሽ ዝቅ ብሎ የጨረጨራ ግድብ አለ። የሐይቁ በር ይህ ነው። በ1990ዎቹ አጋማሽ እ.ኤ.አ. ሲሠራ ሁለት የብረት በር ብቻ ነበረው፣ በ2001 አምስት ተጨመሩ፤ ዓላማው የዓባይን ውሃ ለጢስ ዓባይ የኤሌክትሪክ ማመንጫዎች ዓመቱን ሙሉ አመጣጥኖ መልቀቅ ነበር። ሐይቁ በዚያን ጊዜ በሰው እጅ የሚከፈትና የሚዘጋ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ2003 ዝናቡ አንሶ ውሃው ሲለቀቅ ጣና ክፉኛ ጎደለ፤ መርከቦች ለወራት ቆሙ፣ ከውሃው የራቀው ደንገል ደረቀ። ጀልበኛው ያኔ ልጅ ነበር። “አባቴ ከጀልባ ወርዶ በእግሩ የገፋበትን ቦታ አሳይሃለሁ” አለኝና አሁን ጥልቅ ውሃ የተኛበትን ጠቆመ።

እንግዲህ ከዚህ በር በታች ነው ብዙ የባሕር ዳር ሰው ስሙን ሰምቶ ገብቶ የማያውቀው የዓባይ ሚሊኒየም ፓርክ የሚጀምረው። ከሐይቁ መውጫ ተነሥቶ ወንዙን ይዞ ሠላሳ ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል፣ እስከ ጢስ ዓባይ ፏፏቴ። በር የለውም፣ ቲኬት የለውም፤ መናፈሻ ሲባል በሐሳባችን የሚመጣው አበባና ፏፏ የሚል የሲሚንቶ ገንዳ ጨርሶ የለውም። ያለው ወንዝ፣ በወንዙ መካከል ዛፍ ያበቀሉ ደሴቶች፣ ሾላ፣ ዶቅማ፣ ደንገል ነው። በግንቦት 2016 ዓ.ም. የተመረቀው 380 ሜትር ርዝመት ያለው አዲሱ ድልድይ በላዩ ያልፋል። ምሽት ላይ ድልድዩ በሰው ይሞላል። ሁሉም ግን ወደ ላይ፣ ወደ መብራቱ ነው የሚያየው። በአሮጌው ድልድይ በኩል ወደ ወንዙ የምትወርድ ቀጭን የእግር መንገድ አለች፤ ያንን ይዤ ወረድሁ። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ የመኪናው ድምፅ ወደ ላይ ቀርቶ ውሃው ድንጋይ ላይ ሲሰበር ብቻ ይሰማል። ልብስ የሚያጥቡ ሁለት ሴቶች፣ አንድ መንጠቆ የጣለ ልጅ፣ ሌላ ሰው የለም። ልጁ ሦስት ቀረሶ በሣር ሰክቶ አጠገቡ አኑሯል።

በማግስቱ ቤዛዊት ኮረብታ ላይ ወጣሁ። አፄ ኃይለ ሥላሴ በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ያሠሩት ቤተ መንግሥት እዚያ ነው፤ ንጉሡ ዋና ከተማቸውን ወደዚህ ሊያዛውሩ አስበው ነበር ይባላል። ግቢው ተዘግቷል፣ ዘበኛ አለበት። ከአጥሩ ውጭ ካለው መድረክ ሲታይ ግን ዓባይ እንዳለ ይዘረጋል፤ ከሐይቁ ወጥቶ በደሴቶቹ መካከል ተከፋፍሎ እንደገና ሲገናኝ፣ በዳሩ ያለው አረንጓዴ ሳይቋረጥ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ሲወርድ። ዛፉ ለምን እዚህ እንደተረፈ ዘበኛውን ጠየቅሁት።

“ንጉሡ አጠሩት። ደርግ አጠረው። ከዚያም በኋላ አልተከፈተ። ማን ይቆርጠዋል ወንድሜ?” አለ፣ ጠመንጃውን ወደ ሌላው ትከሻው እያዛወረ።

እዚያ ቆሜ ነው ነገሩ የተገጣጠመልኝ። ያገኘኋቸው ጥጎች አንዳቸውም ለመናፈሻነት ታስበው አልተጠበቁም። ጊዮርጊስን ግዝት ጠበቀው። መውጫውን ጉማሬ ይጠብቀዋል። ከጨረጨራ በታች ያለውን ዳር የወንዙ ሙላትና የግድቡ በር፣ ቤዛዊትን ዘበኛና ያለፈ መንግሥት ፍርሃት። ፓርክ የሚለው ስም ከሁሉም በኋላ የመጣ ነው፤ ስሙ ብቻውን ምን ያህል እንደሚጠብቅ ማየት ቀረኝ። ደግሞም የታንኳዎቹን ደንገል ገና አላገኘሁትም፤ ጉማሬው ሰፈር የሚታጨደው ለዚያ ሁሉ ታንኳ አይበቃም።

ከከተማው በስተምዕራብ፣ ወደ ወራሚት በኩል፣ የወይጦ ማኅበረሰብ ሰዎች ታንኳ ያስራሉ። ጥንት ጉማሬ አዳኞች ነበሩ፤ ጉማሬ በመብላታቸው ጎረቤቱ ሲያርቃቸው ኖሯል። አደኑ ከቆመ ወዲህ ታንኳው፣ ዓሣውና ቅርጫቱ ቀራቸው። ሐይቁን ከሁሉ የሚያውቁት እነሱ ሆነው ሳለ ከተማው በሰፋ ቁጥር ከዳሩ የሚገፉትም እነሱ ናቸው፤ ይህ ስለ ባሕር ዳር ውበት በሚጻፈው ጽሑፍ ውስጥ ብዙ ጊዜ አይገባም። አንድ ሽማግሌ መሬት ላይ ተቀምጠው የደረቀ ደንገል በጉልበታቸው እየጫኑ በልጥ ያስራሉ። “ሰላም ዋሉ አባባ” ስላቸው ሥራቸውን ሳያቋርጡ በአገጫቸው ቁጭ በል አሉኝ።

አሠራሩን አየሁ። ደንገሉ ታጭዶ ለቀናት ፀሐይ ላይ ይሰጣል፤ እርጥቡ ይከብዳል፣ ፈጽሞ የደረቀው ይሰበራል፣ በመካከል ያለውን መለየት የእጅ ዕውቀት ነው። ወፍራሙ ጫፍ ወደ አንድ ወገን፣ ቀጭኑ ወደ ሌላ እየተደረገ ይነባበራል፤ የፊቱ ጫፍ ወደ ላይ እስኪቆለመም ድረስ ልጡ ይጠብቃል። ቀዛፊው የሚቀመጥበት ሌላ እስር ከላይ ይደረባል። ሚስማር የለም፣ እንጨት የለም። ሽማግሌው ልጡን በጥርሳቸው ይዘው በሁለት እጃቸው ሲስቡ ያ ሁሉ እስር ይንቋቋል። ስለ ራ ነገርኋቸው፤ ደንገላቸው አትላንቲክን እንደተሻገረ።

“እዚያ ሲደርስ ፀሐይ ላይ አቆሙት?” አሉኝ።

አላውቅም አልኋቸው።

“ካላቆሙት በስብሷል። ታንኳ ከውሃ ሲወጣ ቆሞ ነው የሚያድር።”

ደንገሉን ከየት እንደሚያመጡ ስጠይቃቸው እጃቸውን ወደ ምዕራብ ዘረጉ። ድሮ ከቤታቸው በር ያጭዱ ነበር። ኋላ ከወራሚት። ወራሚትም አትክልትና ጓያ እየገባበት ሲሄድ ልጆቻቸው ራቅ ብለው እንፍራንዝ ይወርዳሉ፣ አድረው ያጭዳሉ፣ በታንኳ ጭነው ይመለሳሉ። “አንተ በመኪና ሂድ” አሉኝ፤ “እኛ ነን በውሃ የምንሄድ።”

ባለፉት ዓመታት ከከተማ መውጣት ሁልጊዜ የሚቻል ነገር አልነበረም፤ መንገዱ ደህና ነው የተባለበትን ቀን ጠብቄ ሄድሁ። እንፍራንዝ ከምንጭ የሚነሣ ትንሽ ወንዝ ነው። ምንጮቹ አረቄና ሎሚ ይባላሉ፤ ባሕር ዳር ከምትጠጣው ውሃ ብዙው በቧንቧ የሚሄደው ከነሱ ነው። ሐይቅ ዳር ተቀምጣ ውሃዋን ከዚህ የምታስመጣ ከተማ መሆኗን ሰዉ ብዙም አያስበውም፤ ጠዋት ፊታችንን የምንታጠብበት ውሃ ከጣና የመጣ ይመስለናል። ከምንጩ የተረፈው ውሃ ወደ ሜዳው ይለቀቅና እስከ ሐይቁ ድረስ ረግረግ ይሆናል። ሽመልስ አይናለምና አፈወርቅ በቀለ እ.ኤ.አ. በ2008 ባሳተሙት ጥናት የዚህንና የጎረቤቱን የይጋንዳን አዕዋፍ መዝግበዋል። በበጋ ወራት ከአውሮጳ ብርድ የሸሹት ግራጫ ክሬኖች በጣና ዙሪያ ሜዳዎች ይከርማሉ፤ ራሱ ላይ ዘውድ የደፋው ጥቁሩ ክሬን ግን የአገሩ ነዋሪ ነው። ከሩቅ ሁለቱን አየኋቸው፤ ላም ከሚጠብቁ ልጆች ጋር እንደ ጎረቤት ተላምደው ከላሞቹ መካከል ይለቅማሉ።

ደንገሉም አለ። ከመውጫው ይልቅ የሰፋ፣ ውስጡ መንገድ ያለው፤ መንገዱም አጫጆቹ ታንኳ የሚያስገቡበት ጠባብ የውሃ መስመር ነው። እዚያ ውስጥ የቆምሁባት ጥግ፣ ከሁሉም የምወዳት፣ ከከተማው በባጃጅ ሊደረስባት የሚችል ናት ብል ማን ያምነኛል? የሚሰማው የወፍና የማጭድ ድምፅ ብቻ ነበር። የጉማሬ ዱካ አላየሁም። አጥር የለም። ዘበኛ ያለው ምንጩ ጋ ብቻ ነው፤ እሱም የሚጠብቀው ውሃውን እንጂ ሜዳውን አይደለም።

በደንገሉ ጠርዝ አንድ ገበሬ የውሃ መሳቢያ ሞተሩን ከቦዩ አጠገብ ተክሎ ጫት ያጠጣል። ከኋላው ባሕር ዛፍ ቆሟል። ሜዳው የማን እንደሆነ ጠየቅሁት። የወል ግጦሽ ነበር አለኝ፤ ሁሉም ከዳሩ ጥቂት ጥቂት ሲወስድ እሱም ወሰደ። ደንገሉን ስለ ማስቀረት አነሣሁ። አልተቆጣም። ጣቱን እያጠፈ ቆጠረልኝ፦ ጫቱ በዓመት ብዙ ጊዜ ይለቀማል፣ መኪና እዚህ ድረስ መጥቶ ይጭነዋል። ባሕር ዛፉ አጣና ይሆናል። ደንገሉን ግን ወይጦዎቹ መጥተው ያጭዱታል፤ የሚከፍሉት ለሱ አይደለም፣ ለማንም አይደለም።

“አንተ እዚህ የመጣኸው ልታየው ነው” አለኝ፤ “ያየህበትን ለማን ትከፍላለህ?”

መልስ አልነበረኝም፤ ስንት ቢከፈለው እንደሚተወው ጠየቅሁት። አሰበበት፣ ከዚያ ጫቱ የሚያወጣውን ካገኘሁ እተወዋለሁ አለ። እስከዚያው ግን ለሚቀጥለው በጋ የለካው መደብ ከምንጩ አጥር ትይዩ ይደርሳል፤ ካስማዎቹን አራት አምስት ረድፍ ወደ ደንገሉ ውስጥ ገብቶ ተክሏቸዋል።